አርቲክሉ እያለ «የለም» እንዳይባል፦ በኤሌክትሮኒክ ምንጮች ማገናኘት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲመጣ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ የሚበዛ ጥያቄ አለ። «አርቲክሉን አግኝቼዋለሁ፣ ግን ክፈል ይለኛል።» ተማሪው ርዕሱን ጎግል ስኮላር ላይ ያገኘዋል፣ ይጫነዋል፣ የአሳታሚው ገጽ ይከፈትና 40 ዶላር ይጠይቀዋል። በቃ፣ ትቶት ይሄዳል። ወይ ደግሞ አብስትራክቱን ብቻ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ ሰው ይጠቅሰዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ክፍያው አይደለም። ያው አርቲክል በተቋሙ በኩል በነፃ ክፍት ሆኖ ሳለ ተማሪው አለማወቁ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቤልጂየም ውስጥ በጌንት ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ቫን ደ ሶምፐል ኤስኤፍኤክስ የተባለውን ሲስተም ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው ይህንኑ ለመፍታት ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ አርቲክል በብዙ ቦታ ይገኛል፦ አሳታሚው ጋ፣ ኢብስኮና ጄስቶር በሚባሉት ዳታቤዞች ውስጥ፣ ለታዳጊ አገሮች የጤና ጽሑፎችን በሚከፍተው ሂናሪ ውስጥ። የትኛው ኮፒ ለየትኛው አንባቢ እንደሚከፈት ግን እንደ ተቋሙ ይለያያል። ስለዚህ ዳታቤዙ አንባቢውን በቀጥታ ወደ አሳታሚው ከመስደድ ይልቅ የአርቲክሉን መረጃ፣ ማለትም የጆርናሉን አይኤስኤስኤን (መለያ) ቁጥር፣ ዓመቱን፣ ቮልዩሙንና መነሻ ገጹን አስይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሊንክ ሪዞልቨር ይልከዋል፤ ሪዞልቨሩም ተቋሙ ምን ምን እንዳለው የተመዘገበበትን ዝርዝር አይቶ ሊከፈትለት ወደሚችለው ኮፒ ይወስደዋል። መረጃው የሚጻፍበት መንገድ ኦፕን ዩአርኤል ይባላል። ዜድ 39.88-2004 በሚል ቁጥር ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል።

እንግዲህ ሪዞልቨሩ በራሱ ምንም አያውቅም። ሰው ያስገባለትን ዝርዝር ነው የሚያነበው። ዝርዝሩ ላይ ያልተሠራ ሥራ ካለ ዞሮ ዞሮ ተማሪው ላይ ነው የሚወድቀው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ገንዘብ ሳይሆን ትኩረት የሚፈልጉ ናቸው።

«ዲኦአይ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ይሄን ብዙ የአይሲቲ ባለሙያዎች ይሉታል። ዲኦአይ፣ ማለትም ለአንድ አርቲክል የሚሰጠው ቋሚ መለያ፣ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው፤ ዲኦአይ የሚመዘግበው ክሮስሬፍ እ.ኤ.አ. በ2000 ከተቋቋመ ወዲህ የአርቲክል ሊንክ እንደ በፊቱ በየጊዜው አይሞትም። ግን ዲኦአይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ወደ አሳታሚው ገጽ ነው። አንባቢው ማን እንደሆነ፣ ተቋሙ ምን መብት እንዳለው አይጠይቅም። ኮምቦልቻ የሚሄደውን ሰው መናኸሪያ ላይ የወልድያ መኪና እንደማሳየት ነው፤ መኪናው ደህና መኪና ነው፣ ግን የእሱ አይደለም። ዲኦአዩን አትጣሉት። ለሪዞልቨሩ ስጡትና አርቲክሉን እንዲለይበት አድርጉ፣ የትኛው ኮፒ እንደሚከፈት ሪዞልቨሩ ይወስን።

ሙሉውን ፓኬጅ «አለን» ብሎ ማለፍ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጣጣ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አንድ ጥቅል ሲገኝ በውስጡ ያሉትን ጆርናሎች በሙሉ በአንድ ጠቅታ «አሉ» ብሎ መመዝገብ ያመቻል። እያንዳንዱ ጆርናል ግን የራሱ መነሻና መድረሻ ዓመት አለው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ እገዳ አለ፤ የመጨረሻዎቹ 12 ወራት እትሞች አይከፈቱም። ኮምቦልቻ ያለ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪ ዘንድሮ የወጣ አርቲክል ይፈልጋል እንበል። ዝርዝሩ «ከ2005 እስከ ዛሬ» ይላል። ሪዞልቨሩ አምኖ ይልከዋል። እዚያ ሲደርስ አብስትራክቱን ብቻ ያገኛል። አንዴ፣ ሁለቴ እንዲህ ከሆነበት ሦስተኛ አይሞክርም።

መፍትሔው ኬባርት የሚባለውን የዝርዝር ፎርማት መጠቀም ነው። የአሜሪካው የስታንዳርድ ድርጅት ናይሶና የእንግሊዙ ዩኬኤስጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ነው። አሳታሚዎች ራሳቸው በኤክሴል በሚከፈት ፋይል ያዘጋጁታል፦ የጆርናሉ ስም፣ የኅትመትና የኦንላይን ቁጥሩ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑ፣ እገዳ ካለም የእገዳው ርዝመት እያንዳንዱ በየዓምዱ። ሂናሪን የሚያቅፈው፣ ለታዳጊ አገሮች ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚከፍተው የሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ተጠቃሚ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት፣ ነገር ግን አሳታሚዎች የሚከፍቱት ከአገር አገር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ያወጣውን ዝርዝር ገልብጦ መጫን አይሆንም። በራሳችሁ መግቢያ ገብታችሁ የሚታያችሁን ነው መመዝገብ ያለባችሁ።

የዘመን አቆጣጠራችን

የውጭ መመሪያ ላይ የማታገኙት፣ እኛን ግን በጣም የሚነካ ነገር ይሄ ነው። አገር ውስጥ የሚታተም ጆርናል ሽፋኑ ላይ 2012 ዓ.ም. ይላል። መዝጋቢው ያየውን 2012 የዓመት ሳጥኑ ውስጥ ይጽፈዋል። ኦፕን ዩአርኤል ግን የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ 2012ን የአውሮፓውያን አድርጎ ነው የሚያነበው። ዝርዝሩ ላይ ጆርናሉ ኦንላይን የገባው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ነው ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሪዞልቨሩ 2012 ከ2015 በፊት ነው ብሎ «ሙሉ ጽሑፉ የለም» ይላል። አርቲክሉ ግን አለ! የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ወይም በ2020 ነው።

«ታዲያ 8 ደምሩበት» የሚል ይኖራል። አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8 ይሆናል። የኅዳር 2012 እትም የ2019 ነው፣ የመጋቢት 2012 እትም የ2020። ወሩን ሳያዩ መለወጥ አይቻልም። የሚሻለው የዓመቱ ሳጥን ውስጥ የአውሮፓውያኑን ቀን ማስገባት፣ የኢትዮጵያውን ደግሞ ማስታወሻ ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንባቢው ሽፋኑ ላይ የሚያየው የእኛን ነውና። በራሳችን ሪፖዚተሪ (የተቋሙ ጽሑፎች በሚከማቹበት የኦንላይን ማኅደር) የሚቀመጡ የማስተርስ ጽሑፎችም እንደዚሁ መመዝገብ አለባቸው።

ስምም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሲስተሙ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አበበ ከበደ የሚባል ተመራማሪ አንዱ ጋ ከበደ ተብሎ፣ ሌላው ጋ አበበ ተብሎ ይመዘገባል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ደግነቱ ሪዞልቨሮች በአብዛኛው የሚመሩት በጆርናሉ ቁጥር፣ በቮልዩምና በመነሻ ገጽ ስለሆነ እነዚህ በትክክል ከተሞሉ የስሙ መዘበራረቅ ያን ያህል አይጎዳም። ብቻ በተቋማችሁ አንድ ደንብ ይኑራችሁ፣ ሁሉም በዚያ ይጻፍ።

አንዱን ቁጥር ብቻ መመዝገብ

አንድ ጆርናል በወረቀትም በኦንላይንም ከወጣ ሁለት የተለያዩ አይኤስኤስኤን ቁጥሮች አሉት። ባለ 8 አሃዝ ናቸው፣ የመጨረሻው አንዳንዴ ኤክስ ፊደል ይሆናል። ዳታቤዙ የወረቀቱን ቁጥር ልኮ ዝርዝራችሁ ላይ የኦንላይኑ ብቻ ካለ ላይገናኙ ይችላሉ። ሁለቱንም አስገቡ። ጆርናሉ ስሙን ቀይሮ ከሆነ የድሮውንም የአዲሱንም ለየብቻቸው መዝግቧቸው።

ተማሪው ግቢ ውስጥ ነው ብሎ ማሰብ

አሳታሚው ተቋማችሁን የሚያውቃችሁ ብዙ ጊዜ በአይፒ አድራሻ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀመጠው ተማሪ ሊንኩን ሲጫን ይከፈትለታል። ያው ተማሪ ማታ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከተከራየበት ቤት በስልኩ ዳታ ሲሞክር ማንም አያውቀውም። ሲነጋ መጥቶ «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ማታ ተበላሸ» ይላል። የተበላሸ ነገር የለም፣ እሱ ነው ቦታ የቀየረው።

ለዚህ የሚረዳው ፕሮክሲ ነው። ተማሪው በራሱ ስምና የይለፍ ቃል ይገባል፣ ከዚያ አሳታሚው ከተቋሙ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ሪዞልቨሩ ላይ ግን የፕሮክሲው አድራሻ በሚያስፈልጋቸው ምንጮች ሁሉ ፊት መግባቱን ማየት አለባችሁ። በነፃ ለዓለም ክፍት የሆኑት ላይ ደግሞ አታስገቡ። ለማንም ክፍት የሆነ ጆርናል ለማንበብ የይለፍ ቃል መጠየቅ ሰውን በከንቱ ማንገላታት ነው። ሂናሪና መሰሎቹ ደግሞ በራሳቸው ፖርታል ነው የሚገቡት። ከፖርታሉ ሳይነሱ በቀጥታ አሳታሚው ገጽ ላይ ቢሄዱ ክፈሉ ይላል። ይሄን ሊንኩ አጠገብ በአንድ መስመር ጻፉት።

ደሴም ኮምቦልቻም ካምፓስ ያለው ተቋም ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ሌላም አለ። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ የኢንተርኔት መስመራቸው ግን በተለያየ አይፒ ሊወጣ ይችላል። ለአሳታሚው የአንዱን ካምፓስ ብቻ ከላካችሁ የሌላው ተማሪ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። ከኔትወርክ ክፍሉ ሙሉውን ዝርዝር ጠይቃችሁ ላኩ፣ መስመር በተቀየረ ቁጥርም ንገሯቸው።

ከአድራሻ መስመር ላይ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ

መምህራን፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። አርቲክሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተከፍቷል፣ ላይ ያለውን ረጅም አድራሻ ቀድታችሁ ለክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ትልካላችሁ። ያ አድራሻ ብዙ ጊዜ የእናንተን የዚያን ሰዓት መግቢያ የተሸከመ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይሞታል። 60 ተማሪ ተጭኖት ለ60ውም አይከፈትም። በምትኩ ዳታቤዙ «ቋሚ ሊንክ» የሚለውን፣ ወይም ሪዞልቨሩ የሚሰጠውን፣ ቢጠፋ ዲኦአዩን ላኩ። የኮርስ አውትላይን ላይም እንዲሁ።

የሂናሪን የይለፍ ቃል ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። ለተቋሙ አባላት ብቻ የተሰጠ ነው። ከእጅ ወጥቶ ከተገኘ መግቢያው ሊዘጋ ይችላል፣ ያኔ ማንም አያነብም።

ተማሪውን መንገድ ላይ መተው

ሪዞልቨሩ «አልተገኘም» ብሎ ዝም የሚል ባዶ ገጽ ካሳየ ሥራው ግማሽ ነው። እዚያው ገጽ ላይ የአርቲክሉ መረጃ ተሞልቶ የተዘጋጀ የመጠየቂያ ቅጽ ይኑር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቴሌግራም ይኑር። ኮፒው በነፃ የሚገኝበት ቦታ ካለም ይፈለግ፤ በነፃ የተለቀቁ ኮፒዎችን የሚፈልገው አንፔይዎል የሚባለው አገልግሎት ለዚህ ይሆናል። ሪዞልቨሩ ጆርናሉን እንጂ እያንዳንዱን አርቲክል ስለማያውቅ፣ በሚከፈልበት ጆርናል ውስጥ በነፃ የተለቀቀ አንድ አርቲክል በቀላሉ ያመልጠዋል። ገንዘብ ለሚያጥረው ተቋም ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ 10 ሊንክ ደርድሮ ምረጥ ማለት። ሙሉውን ጽሑፍ የሚከፍተውን ከላይ አድርጉት፣ ሌላውን ዝቅ። ቁልፉ ላይም የሶፍትዌሩን ስም አትጻፉ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ኤስኤፍኤክስ ምኑም አይደለም። «ሙሉ ጽሑፉን አግኝ» በሉት።

ጎግል ስኮላርን መርሳት

ተማሪው የሚጀምረው ከጎግል ስኮላር ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ይጀምራል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ሪዞልቨራችሁን እዚያ አስመዝግቡ። ተማሪው ከግቢ ውጭ ሲሆን ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የላይብረሪ ሊንኮች የሚለው ጋ ገብቶ የተቋሙን ስም ይምረጥ፣ ከዚያ በኋላ ከአርቲክሉ አጠገብ የእናንተ ሊንክ ይታየዋል። ማጣቀሻ ማደራጃውን ዞቴሮ የሚጠቀሙም የሪዞልቨሩን አድራሻ ማስገባት ይችላሉ። በአዲስ ተማሪዎች ገለጻ ላይ ስለ መደርደሪያ ከማውራት ላይ ጥቂት ደቂቃ ቀንሳችሁ ይሄን አሳዩ።

ሪዞልቨር መግዛት የማይችል ኮሌጅም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ነፃው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኮሃ ላይ የኦፕን ዩአርኤል ሪዞልቨር አድራሻ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እስከዚያው ግን በትክክል የተያዘ የጆርናሎች ዝርዝር፣ በየጆርናሉ ፊት ትክክለኛ ዓመቱና መግቢያው ተጽፎበት፣ ብዙ ተማሪ ያድናል።

ሳይሞክሩ «ይሠራል» ማለት

ሊንክ የሚሞከረው ከቢሮ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ አልተሞከረም። በየወሩ ከየትምህርት ክፍሉ ጥቂት አርቲክሎች ምረጡ፦ ከጤና፣ ከምህንድስና፣ ከግብርና፣ አንድ አሮጌ፣ አንድ የዘንድሮ፣ አንድ አገር ውስጥ የታተመ። ከግቢ ዋይፋይ አውጥታችሁ በስልክ ዳታ ክፈቷቸው። ያልተከፈተውን ጻፉ፦ የትኛው ዳታቤዝ ላይ ተነሳ፣ ወዴት ወሰደ፣ ምን አለ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ያለው ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ የላከው ዳታቤዝ መረጃውን አጉድሎ፣ ዝርዝራችሁ ተሳስቶ፣ ወይም የተቀባዩ ገጽ አድራሻውን ቀይሮ። ሁለተኛውን እዚያው አርሙት፣ ሌሎቹን ለባለቤቶቹ ከነሊንኩ ላኩ። ተማሪ «አልከፈተልኝም» ብሎ ሲመጣም «እንደገና ሞክር» ብላችሁ አትመልሱት። ስልኩን ተቀብላችሁ ከየት እንደጀመረና የት ላይ እንደቆመ አብራችሁት እዩ።