ከአውሮፕላን ወርዶ ባቡር ለመሳፈር፦ ጉዞውን እንዴት ማገናኘት ይቻላል?

መጀመሪያ ባቡሩ ከየት እንደሚነሳ ይወቁ። በአምስተርዳም ስኪፖል ጣቢያው ያለው ከተርሚናሉ ሥር ነው፤ ሻንጣዎን ይዘው መውረድ ብቻ ነው። በፓሪስ ሻርል ደ ጎል ግን ፈጣኑ ባቡር የሚነሳው ከተርሚናል 2 ስለሆነ፣ ተርሚናል 1 ላይ ያረፈ መንገደኛ ኤርፖርቱ ውስጥ በሚመላለሰው ነፃ ባቡር መሻገር አለበት። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ደግሞ ሁለት ጣቢያ አለው፦ አንዱ ለአካባቢ ባቡሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተው ደግሞ ለረጅም ርቀት። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከትኬትዎ ላይ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ትኬቱ ነው። ሉፍትሃንሳ ከጀርመን ባቡር፣ ኤር ፍራንስ ከፈረንሳይ ባቡር ጋር ተስማምተው በረራውንና ባቡሩን በአንድ ትኬት ይሸጣሉ። ባቡሩ የበረራ ቁጥር ይሰጠዋል። እንደ ኮሎኝ ዋና ጣቢያ ያሉት እንዲያውም ልክ እንደ ኤርፖርት የራሳቸው ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላቸው። ዋጋው ትንሽ ቢጨምር እንኳ እኔ የምመክረው አንዱን ትኬት ነው። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ባቡሩ ቢያመልጥዎ አየር መንገዱ በሌላ ያሳፍርዎታል፤ ለየብቻ ከገዙ ግን ኪሳራው የእርስዎ ነው። ለየብቻ መግዛት ግድ ከሆነ በአንድ ባቡር ብቻ ያልታሰረ ትኬት ይምረጡ።

አንድ ትኬት የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጉዞዎ በባቡር የሚጀምር ከሆነ ባቡሩን ትተው በታክሲ ኤርፖርት አይሂዱ። አየር መንገዱ እንደቀሩ ቆጥሮ ቀሪውን በረራ ሊሰርዘው ይችላል።

ቪዛውን ከክፍያ በፊት ያጣሩ፤ ክፉኛ የሚያጉላላው እሱ ነው። ባቡሩ ጋ ለመድረስ ኢሚግሬሽን አልፈው አገሩ ውስጥ መግባት አለብዎት። የሸንገን የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ደግሞ ከኤርፖርቱ ዓለም አቀፍ ክልል አያስወጣም። ስለዚህ የሚሄዱት ግማሽ ሰዓት ወደማይፈጅ ከተማ ቢሆንም የመግቢያ ቪዛ ያስፈልግዎታል።

ሻንጣዎን አብዛኛውን ጊዜ ኤርፖርቱ ላይ ተቀብለው ባቡሩ ላይ የሚጭኑት ራስዎ ነዎት። ጊዜውን ሲያሰሉ የፓስፖርት ሰልፉን፣ የሻንጣ መጠበቂያውንና ወደ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ይደምሩ። ከሌላ አህጉር በረው ለየብቻ በገዙት ትኬት የሚቀጥሉ ከሆነ፣ ካረፉ በኋላ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ክፍተት አይተዉ። በባቡር ወደ ኤርፖርት ሲሄዱም በሰዓቱ ለቼክ ኢን ከሚያደርስዎት በአንድ የሚቀድመውን ባቡር ይያዙ።