ባክጋሞን፦ ከመሮጥ በፊት ቤት መያዝ

ድሬ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ ጥላ ስር ሰሌዳ ዘርግታችሁ ስትቀመጡ ከጎን የሚመክር አይጠፋም። "አቦ አምልጥ በቃ!" ይላችኋል። ጀማሪ ከሆናችሁ አትስሙት። አጨዋወቱን ታውቃላችሁ ብዬ ወደ ስልቱ ልግባ።

ቤቶቹን ጠጠር ከምታወጡበት ጫፍ ጀምራችሁ ከ1 እስከ 24 ቁጠሩ። ከ1 እስከ 6 ያለው ግቢያችሁ ነው።

1. መጀመሪያ 5ኛውን ቤት ያዙ። ዳይሱ 3 እና 1 ካመጣ አንድ ጠጠር ከ8፣ ሌላውን ከ6 አንስታችሁ 5 ላይ አገናኙ። 4 እና 2 ከሆነ በዚያው መንገድ 4ኛውን ያዙ። ሁለት ጠጠር ያለበት ቤት ላይ ባላጋራ አያርፍም። ጥቅሙ የሚታየው ስትመቱት ነው፤ የተመታ ጠጠር የሚመለሰው በግቢያችሁ በኩል ብቻ ነዋ። ከስድስቱ ሦስቱን ከዘጋችሁ ከ36 ጥሎች በ9ኙ መግባት ያቅተዋል። አምስቱን ከዘጋችሁ በ25ቱ። ያኔ እናንተ ሻይ እየጠጣችሁ ትጫወታላችሁ።

2. ጠጠር ብቻውን ስትተዉ ርቀቱን ቁጠሩ። ብዙ ሰው "ከባላጋራ ራቅ ካለ ይሻላል" ይላል። እስከ 6 ድረስ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አንድ እርምጃ ላይ ያለ ጠጠር ከ36 ጥሎች በ11ዱ ይመታል፤ ስድስት እርምጃ ላይ ያለው በ17ቱ። 7 እርምጃ ላይ ሲደርስ በአንድ ዳይስ ስለማይደረስበት የሚመታባቸው ጥሎች ወደ 6 ይወርዳሉ። ስለዚህ ወይ ተጠጉ፣ ወይ ከ6 አልፋችሁ ራቁ።

3. 24 ላይ ያሉትን ሁለቱን አትርሷቸው። ባላጋራ ስድስት ቤት በተከታታይ ከዘጋባቸው የሚዘል ዳይስ የለም። መክፈቻው ላይ 6 እና 5 ከወጣ አንዱን በቀጥታ 13 ላይ አድርሱት።

4. መሮጥ መቼ? የቀራችሁን እርምጃ ደምሩ። ሁለታችሁም የምትነሱት ከ167 ነው። ያነሰ የቀረው ይሩጥ። ወደ ኋላ የቀረው ቤቱን ይዞ መምቻ ይጠብቅ።

ጠጠር ስታወጡ ባላጋራ አሁንም ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ከ6ኛው ቤት ጀምራችሁ አጽዱ፤ ብቻውን የሚቀር እንዳይኖር። መሸነፋችሁ ከታወቀ ደግሞ አንዷን ጠጠር ቶሎ አውጡ። አንድም ሳታወጡ ካለቀ ሽንፈቱ እጥፍ ይቆጠራል።