ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ላለ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ 11 ልትጭኑ ስትሉ «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ካላችሁ፣ ላፕቶፑን ለመጣል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ግቡ። ብዙ ጊዜ ጠፋ የሚባለው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያው እያለ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። አብሩት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይገላገላል።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ካረጀ (ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች) ሩፈስ የምትባል፣ የመጫኛ ፍላሽ የምታዘጋጅ ነፃ ፕሮግራም አለችላችሁ። የዊንዶውስ 11ን አይኤስኦ (የመጫኛ) ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ሰኩ። ሩፈስ ላይ ስታርት ስትሉ ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። እዚያ ውስጥ የራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤምን ፍተሻ የምታስቀር ሳጥን አለች። እሷ ላይ ራይት ማድረግ እንዳትረሱ፤ ዘዴው በሙሉ እሷ ናት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ይጠፋል። ሲያልቅ ዊንዶውስ 11ን የምትጭኑት ከዚሁ ፍላሽ ነው። የኮምፒውተሩንም ፋይሎች አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ «ምንም አይሆንም» ብሎ ነገር የለም።

በጣም ያረጀ ላይ ግን አትድከሙ። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ጀምሮ ያለው ዊንዶውስ 11 ፖፕካውንት የሚባል የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ኮር 2 ዱዎ የሚባለው የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ የለውም። ለእሱ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት ይሻለዋል።

ማይክሮሶፍት በሩፈስ ፍተሻው ታልፎ ለተጫነበት ኮምፒውተር የአፕዴት ዋስትና አይሰጥም። የየወሩ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። ዓመታዊው ትልቁ አፕዴት ግን ራሱ ስለማይመጣ፣ ያኔ እንደገና ፍላሽ አዘጋጅቶ በእጅ መጫን ነው።