«አየር ሳቢ! ሳቢ!» ማለት ይቅር፦ ሰው ሲጨንቀው የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን ብሎ ነው። ቀስ ብዬ ሳዋራው ግን እንቅልፍ የለውም፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ሆዱ ይላወሳል፣ ጥርሱን ነክሶ ያድራል። አደጋው ቢያልፍም ነርቩ አሁንም አደጋ ላይ ነኝ እንዳለ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «አየር ሳቢ» የሚለው ምክር ነው። አንድ ቀን ከደብረ ማርቆስ ስመለስ ፍኖተ ሰላምን እንዳለፍን የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። መኪናው በሰላም ቆመ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጣቶቼ ታሰሩ እያለች ታለቅሳለች። ሰው ከበባት። አንዷ በነጠላዋ ታራግባለች፣ ሌላው «ሳቢ፣ በደንብ ሳቢ!» ይላል። የተባለችውን አደረገች፤ ባሰባት። አየር አጥሯት አልነበረም እኮ! ከሚገባው በላይ እየተነፈሰች ነበር። እንዲህ ሲሆን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣት የሚነዝረው፣ ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ትልቅ ትንፋሽ ትጨምሩባታላችሁ?

ቁም ነገሩ ማስወጣቱ ላይ ነው። አየር ስንስብ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል፤ ዝግ የሚያደርገው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ በአፍንጫ ትንሽ መሳብ፣ ከዚያ ትኩስ አጥሚት እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር ቀስ አድርጎ ረዘም ማድረግ። ሰዎቹን ገለል አደረግኩ፣ «እህቴ፣ እግርሽን መሬት አስነኪ» አልኳት፣ አብሬያት እፍ አልኩ። ደቂቃዎች ወስዶ ጣቶቿ ተፈቱ። እሹሩሩ የምትል እናት ሳታስበው የምታደርገው ይኸንኑ ነው፤ የሚያንጎራጉር ሰው ማስወጣቱ ይረዝማል። «ፌስታል ውስጥ ተንፍሺ» የምትሉም ተዉት። ችግሩ አስም ወይም ልብ ከሆነ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ዝም ያለን ሰው ተረጋጋ ብሎ ማሰብ ነው። ይህን እኔው ሠርቼዋለሁ። ከቢቸና በኩል የመጡ አንድ አባት አልጋው ላይ ዝም ብለው ተኙልኝ፤ «አባባ፣ አይንዎን ይጨፍኑ» ብዬ አንገታቸውን ማሸት ጀመርኩ። ጎበዝ ታካሚ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እጃቸው በረዶ ነበር፣ ደረታቸው የሚነሳ አይመስልም፣ አላየሁትም። በማግስቱ ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲባንኑ አደሩ አለችኝ። ደርቀው ነበር እንጂ አልተረጋጉም፤ ሰውነት መሸሽም መታገልም ሲያቅተው እንዲህ ያደርጋል። አሁን ሳልጠይቅ አልነካም። አይን ክፍት ይሁን፣ በሩ በሚታይበት በኩል ይቀመጡ፣ ክፍሉን ቀስ ብለው ይቃኙ፣ ያዩትን ይንገሩኝ። መታሸቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ልብ እየመታ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣትም አለ። ከጠጣችሁ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ከጎረቤት ጋር መቀመጡን አትተዉ፣ እሱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ስኒውን ቀንሱ። አረቄ ደግሞ ያስተኛል፣ ሌሊት ያባንናል።

ጭንቀቱ ሲመጣ ብቻ መለማመድ አይሠራም። ደህና በሆናችሁበት ቀን ጀምሩ። ትከሻን ወደ ጆሮ ከፍ አድርጎ 5 ሴኮንድ ያህል ማጥበቅ፣ ከዚያ ልቅቅ። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ያስተማረው መንገድ ነው፣ ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ። ጎጃሜ ትከሻውን ማፍታታት በእስክስታም ያውቅበታል፤ ቤታችሁ ውስጥ፣ ማንም ሳያያችሁ፣ አንድ ዘፈን ይበቃል።

ሁሉን «ጭንቀት ነው» ማለትም ስህተት ነው። ደረት ከጨመቀና ወደ ክንድ ከተሰራጨ፣ ራስ ከሳታችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ፤ እንቅርትና ደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበትን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ። ጸበል ገባሁ ብሎ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ማቆም ደግሞ ስንቱን መልሶ ሲጥል አይቻለሁ። ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ።