ፓስዎርዱን ከቴሌግራም አውርዱት፦ ክላውድን በቡድን ለምትሠሩ

እኛ ስድስት ነን። ሁለታችን ደብረ ማርቆስ፣ ሦስቱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ፍኖተ ሰላም። የእህል ነጋዴዎች ትዕዛዝ የሚቀበሉበትን ሲስተም እናስተዳድራለን፤ ሰርቨሩ ያለው በኢንተርኔት የሚከራየው አማዞን ክላውድ፣ ማለትም ኤደብሊውኤስ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የሠራነው በአንድ አካውንትና በአንድ ፓስዎርድ ነበር። ፓስዎርዱ ቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ፒን ተደርጎ ይታይ ነበር። አዎ፣ ፒን። አንድ ቀን አንድ ዳታቤዝ ተሰርዞ ተገኘ። ማን ሰረዘው ብለን የሥራ መዝገቡን፣ ሎጉን፣ ብናይ የተጻፈው ስድስታችንም የምንገባበት ያው አንድ ስም ነው። እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በሰፈራችን የእድሩ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። ዳኛው አንድ፣ ጸሐፊው አንድ፣ ገንዘብ ያዡ አንድ ይዘዋል፤ ሒሳብ ቢጎድል ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይታማ። እናቴ የምታውቀውን ይሄን ነገር እኔ ዲግሪ ይዤ አላውቀውም ነበር። እንግዲህ ክላውዱን ልክ እንደዚያ ሣጥን አድርገን እንደገና ሠራነው። እንዲህ ነው።

ዋናው ቁልፍ

አካውንት ስትከፍቱ የሚፈጠረው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሩት ይባላል። ሩት ሁሉን ይችላል፣ አካውንቱን ራሱን መዝጋትም ጭምር። ስለዚህ ለዕለት ሥራ አይነካም። በማንም የግል ጂሜይል እንዳትከፍቱት፤ ሰውየው ሥራ ቢቀይር አካውንታችሁ አብሮት ይሄዳል። የራሳችሁ ዶሜን ካላችሁ ለዚሁ ብቻ የሚሆን፣ ሁለት ሰው የሚያየው ኢሜይል አውጡለት።

ከዚያ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨምሩበት፤ ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየረውን ባለ6 አኃዝ ኮድ ማለቴ ነው። ኮዱን የሚያወጣው አፕ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀንም ኮድ ይሰጣል። የሚፈልገው የስልኩ ሰዓት ትክክል እንዲሆን ብቻ ነው፣ ስለዚህ «ኮዱ እምቢ አለኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ መጀመሪያ ሰዓቱን ይይ። ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 8 የማረጋገጫ መሣሪያ መመዝገብ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ግን አንድ ስልክ መዝግቦ ይተኛል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። የእኛ አንዱ ስልክ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሌላው ባሕር ዳር፤ ፓስዎርዱ ደግሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ስልክ ያልያዘው ሦስተኛ ሰው ጋ ተቀምጧል።

መለማመጃው ለብቻ

ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። መሞከሪያውና ደንበኛ የሚጠቀምበት ሰርቨር አንድ አካውንት ውስጥ ከሆኑ «ተጠንቀቁ» ማለት አጥር አይሆናችሁም። አጥሩ አካውንቱ ራሱ ይሁን። ኦርጋናይዜሽንስ በሚባለው አገልግሎት በኩል ብዙ አካውንት በአንድ ጥላ ሥር ማድረግ ይቻላል። አገልግሎቱ ክፍያ የለውም፣ የክፍያ ሰነዱም (ቢሉ) ተጠቃሎ ይመጣል። ለትንሽ ቡድን ሦስት አካውንት ይበቃል፤ ሒሳብ ብቻ የሚከፈልበትና አንድም ሰርቨር የማይቀመጥበት ዋናው፣ ደንበኛ የሚጠቀምበት ፕሮዳክሽን፣ እና መለማመጃ። እያንዳንዱ የየራሱን ኢሜይል ስለሚፈልግ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ጉግል ክላውድ ላይ ያላችሁ ይህንኑ በፕሮጀክት፣ አዙር ላይ ያላችሁ በሰብስክሪፕሽን ለዩት።

ሰርቨርን በኮድ የሚሠራውን ቴራፎርም የምትጠቀሙ፣ እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቴራፎርም ራሱ ዎርክስፔስ የሚለው ነገር አለው፣ ስሙም ያሳስታል። በአንድ ኮድ ሁለት የተለያየ ስቴት (የተሠራው ነገር ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል) ለመያዝ ይጠቅማል፤ ስቴቶቹ ግን የሚቀመጡት አንድ ቦታ፣ የሚከፈቱትም በአንድ ቁልፍ ነው። የመለማመጃውን የሚከፍት ሰው የፕሮዳክሽኑንም ይከፍታል። እያንዳንዱን ስቴት በየአካውንቱ ለየብቻ አስቀምጡ፣ ሁለት ሰው በአንዴ እንዳይነካውም መቆለፊያውን አብሩ። ከስሪት 1.10 ወዲህ ቴራፎርም ኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ራሱ ይቆልፋል፣ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ለመቆለፊያ ብሎ የዳይናሞዲቢ (የአማዞን ዳታቤዝ) ሠንጠረዥ መሥራት ቀርቷል።

ደግሞ ፕሮዳክሽን ላይ ከላፕቶፕ ለውጥ አትላኩ። ፍኖተ ሰላም ያለው ልጅ እየላከ ሳለ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ። ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቀርቶ፣ ስቴቱም ተቆልፎ አገኘነው፣ ለማስተካከል አንድ ሌሊት ፈጀብን። አሁን ለውጥ የሚላከው ኮዳችን ከተቀመጠበት ከጊትሃብ ነው፤ እኛ ጋ መብራት ቢሄድም እዚያ ሥራው ይቀጥላል።

ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ

ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ መግቢያ ስጡት። አይደንቲቲ ሴንተር የሚባለው አገልግሎት ለዚህ ነው፣ ነጻም ነው፤ ሰው አንድ ጊዜ ይገባና የተፈቀደለትን አካውንት ብቻ ያያል። ፈቃዱን ለግሩፕ ስጡ እንጂ ለሰው አትስጡ። እኛ ጋ አስተዳዳሪ፣ ሠሪና ተመልካች አለ። ሠሪ መለማመጃው ላይ ያሻውን ያደርጋል፣ ፕሮዳክሽን ላይ ግን ማየት ብቻ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችን ተመልካች ናት፣ የምታየውም ቢሉን ነው። አስተዳዳሪ ሁለት፤ ባላውን አትርሱ። አንዴ የተገባበት ፈቃድ ከ1 እስከ 12 ሰዓት እንዲቆይ መወሰን ይቻላል፣ ለፕሮዳክሽን 1 ሰዓት አድርጉት፤ ተመልሶ መግባት አይገድልም።

አክሰስ ኪይ የሚባለውን ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ቁልፍ በተቻለ መጠን አታውጡ። ሰርቨሩ ላይ ለሚሮጥ ፕሮግራም ሮል፣ ማለትም ለጊዜው ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ይበቃዋል።

ሰው ሲወጣ ግን፣ በዚያው ቀን ዝጉ። ይሉኝታ እዚህ ጋ ነው የሚገድለን። አንዱን ጓደኛችንን ዶሮ ወጥ አብልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ መርቀን ሸኘነው፤ መግቢያውን የዘጋነው ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ «ቅር ይለዋል» እየተባባልን። ልጁ ምንም አላደረገም። ስልኩ ተሰርቆ ቢሆንስ?

ሎጉንም ተመልከቱ። ማን ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው ክላውድትሬይል የ90 ቀን ታሪክ ያለ ክፍያ ያሳያችኋል፤ ከዚያ በላይ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ኤስ3 እንዲጻፍ ከአሁኑ አዘጋጁ፣ የትናንቱን ወደኋላ ተመልሶ አያመጣላችሁም።

የሰዓቱ ነገር

ይሄን የትኛውም የፈረንጅ መመሪያ አይነግራችሁም። ለፍኖተ ሰላሙ ልጅ በስልክ «ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይሂድ» አልኩት። 8 ብሎ ጻፈ። ክላውድ ላይ ያለ ሰርቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ 8 የተባለው ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ሆኖ አረፈው። ቅዳሜ ገበያው በደራበት ሲስተሙ ያቃስታል፣ ነጋዴው ይደውላል፣ እኛ ኔትወርኩን እናማርራለን። ሁለት ሳምንት ከፈጀ በኋላ ልጁ ደወለ፦

«ጋሼ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ያልከኝ በማን ሰዓት ነው?»

እንግዲህ ሌሊት 8 በዩቲሲ የዋዜማው 23:00 ነው። አሁን ሕግ አለን፤ ሥራ ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ አንዴ በእኛ አንዴ በዩቲሲ። ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳውን ኢቨንትብሪጅ ስኬጁለር የምትጠቀሙ ከሆነ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መምረጥ ትችላላችሁ፤ ያኔም ቢሆን ቆጠራው የፈረንጅ ስለሆነ ሌሊት 8ን 2 ብላችሁ ነው የምትጽፉት።

ገንዘቡ

ቢሉ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ በኋላ ማለት ነው፣ ያው ሰርቨር በብር ሲሰላ ሌላ ሰርቨር መስሏል። ባጀት አውጡና 50፣ 80 እና 100 በመቶ ሲደርስ ኢሜይል ይላክላችሁ። ማስጠንቀቂያው ግን ሰርቨሩን አያጠፋም፣ መረጃውም ሰዓታት ዘግይቶ ነው የሚደርስ።

የመለማመጃው ሰርቨር ከምሽቱ 12 ሰዓት በራሱ ይጥፋ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳ። በዩቲሲ 15:00 እና 05:00። በቀን 10 ሰዓት ብቻ ሠራ ማለት የሰርቨሩ ኪራይ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። የጠፋ ሰርቨር ግን ነጻ አይደለም፤ ዲስኩ ይከፈልበታል፣ ቋሚ የአይፒ አድራሻ ካለውም በሰዓት 0.005 ዶላር ይቆጥራል። ትንሽ ይመስላል፣ በወር ግን 3.65 ዶላር ገደማ ነው፣ ለእያንዳንዱ አድራሻ።

ሪጅንም፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚቀመጥበትን አካባቢ፣ ምረጡና ሌላውን ከኦርጋናይዜሽንስ ዝጉት። አንዱ ልጅ ለሙከራ ቨርጂኒያ ላይ ሰርቨር ከፍቶ ረሳው፣ እኛ ሁልጊዜ የምናየው አየርላንድን ስለነበር ያወቅነው ከቢሉ ነው። በ2020 የተከፈተው የኬፕታውን ሪጅን እኛው አህጉር ላይ አለ፤ ግን እስክታበሩት ድረስ ዝግ ነው፣ ዋጋውም ወደድ ይላል።

እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ታግ ለጥፉ፦ የማን ነው፣ ለምን ሥራ ነው። ታግ የሌለው ሰርቨር መለማመጃው ላይ ከተገኘ ዓርብ ይጠፋል። አንዴ የራሴው ጠፍቶብኛል።

አንድ የቀረ ነገር። ቢሉ የሚዘጋው በፈረንጅ ወር ነው፣ የእኛ መዝገብ ደግሞ በእኛ ወር። ዘንድሮ የሒሳብ ሠራተኛችን «የጳጉሜ ቢል የት አለ?» ብላ ሁለት ቀን ፈለገች። በሴፕቴምበር ውስጥ ነው ያለው፣ ከነሐሴ ማለቂያና ከመስከረም መጀመሪያ ጋር ተቀላቅሎ። አሁን ወጪውን በየቀኑ እያወረደች ራሷ ትከፋፍለዋለች።