የተጎጂን ቃል ስትቀበሉ አታቋርጡ

ለወጣት መርማሪዎች፦ «ሌባው ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሹራቡ ከእናንተ አፍ ወጥቶ የተጎጂው ትዝታ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሎፍተስና ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጥያቄው ውስጥ አንዲት ግስ በጠንካራ ግስ ስትተካ የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ተመልካቾች የመኪኖቹን ፍጥነት ከፍ አድርገው ገምተዋል።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቦርሳቸውን የተቀሙ አንዲት እናት ፊቴ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ። ውኃ ሰጠኋቸው። «እናቴ፣ ከቤት ከወጡ ጀምሮ እንደመጣልዎ ይንገሩኝ፤ አላቋርጥዎትም» አልኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዝምታው ረዘመ፤ ታገሥኩ። ስለ ሐይቁ ነፋስ፣ ስለሚጠበሰው ዓሣ ሽታ ሲያወሩ፣ እዚያው ቆሞ የነበረው ባጃጅ ከነተሰነጠቀ መስታወቱ ትዝ አላቸው። ቦታውና ሽታው ሲመለስ ትዝታውም ተከትሎት ይመጣል።

«ለምን በዚያ ሰዓት ወጡ?» ማለት ግን ወቀሳ ነው፤ በጣም ይጎዳል። ማስፈራራትንና ተስፋ እየሰጡ ማናገርንም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ከልክሎታል። የጻፋችሁትን አንብቡላቸው፤ ያልተናገሩት ቃል ከገባ ከማስፈረማችሁ በፊት አርሙት።