«ብሬከሩ አስቸገረን» ለምትሉኝ ሁሉ

«ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ እየወረደ አስቸገረን፣ ጠንከር ያለ ቀይርልን።» በዓል በመጣ ቁጥር ይሄ ስልክ አይቀርልኝም። ምጣዱ ተጥዶ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ መብራቱ ድርግም። ንዴታችሁ ይገባኛል። ግን ጠንከር ያለውን አልቀይርላችሁም።

አንድ የፋሲካ ሰሞን የተጠራሁበትን ቤት ልንገራችሁ። እናትየዋ በር ላይ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተናል፤ እሳት ግን የለም» አሉኝ። ወጥ ቤት ገባሁ። ምጣዱ የሚሰካበት ሶኬት ፊቱ ቡናማ ሆኗል። ፈትቼ ሳወጣው የሽቦው ልባስ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተሰባበረ። ሄጄ የብሬከር ሳጥኑን ከፈትኩ፦ 40 አምፔር። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ባለ 2.5 (ውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር) ነው። «እናቴ፣ ይሄን ማን ነው የቀየረው?» ስላቸው «የጎረቤት ልጅ ነው፣ እጁ ይባረክ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠፍቶብን አያውቅም» አሉኝ።

አዎ፣ አይጠፋማ!

ብሬከር የተሠራው ለምጣዱ አይደለም፤ ለሽቦው ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። ለ220 ቮልት አካፍሉት፣ 16 አምፔር አካባቢ ይመጣል። በዚያው መስመር ላይ 1,500 ዋት ቦይለር ካለ 7 ጨምሩ፤ 23 ገባ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ 2.5 ሽቦ 20 አምፔር ሲሸከም ራሱ ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ባለ 20 ብሬከር ሲወርድ አልተበላሸም፣ «ሽቦዬ ጋለ» እያለ ነው። 40 ስታስገቡለት ሽቦው እየጋለ እሱ ዝም ይላል። ሽቦው ከጂፕሰሙና ከኮርኒሱ ጀርባ ቀስ እያለ ይበስላል፣ አንድ ሌሊት ሁላችሁም ተኝታችሁ እያለ እሳት ይነሳል።

መፍትሔው ለምጣድ ከሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር ነው። እኔ ባለ 4 ሽቦ ዘርግቼ ባለ 25 አምፔር ብሬከር እሰጠዋለሁ፤ መንገዱ ከረዘመ ሽቦው ባለ 6 ይሆናል። ተራ ሶኬትም 16 አምፔር ነው፣ ለሰዓታት ለሚጋገርበት ምጣድ ትንፋሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ቀጥታ ባስረው እመርጣለሁ። ግድግዳ መቦርቦር አለው፣ ቀለም አለው፣ ወጪ አለው። አውቃለሁ። የሴትየዋንም እንደዚያ ነው የሠራሁት፣ እየተነጫነጩ።

ኧርዝ ላይ፣ የሾለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት በሚወስደው መስመር ላይ፣ ደግሞ እንምጣ። «ጫማ ሳታደርጊ ምጣዱን እንዳትነኪ» የማይባልበት ቤት ስንት ነው? ምጣድ መንዘር የለበትም! ፍሪጅም የለበትም። ሶኬታችሁ ላይ ግራና ቀኝ የብረት ምላሶች አሉ አይደል? ብዙ ቤት ከጀርባቸው አንድም ሽቦ አልታሰረባቸውም። ጌጥ ናቸው። ከዚህ የባሰው ብልጡ ነው። ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) አጭር ሽቦ ጎትቶ ምላሱ ላይ ያስርና «ኧርዝ ሠራሁላችሁ» ይላል። የዋናው መስመር ኒውትራል የተበጠሰ ቀን የፍሪጁ ሙሉ አካል 220 ቮልት ይሆናል። ሌላው የውሃ ቧንቧ ላይ ያስረዋል። አሁን ግማሹ ቧንቧ ፕላስቲክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ መሬት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀርና ፊቱን የሚታጠበውን ሰው ያገኛል። ኧርዝ ማለት መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ፣ ከዚያ የሚነሳ ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ፣ እሱም እያንዳንዱ ሶኬት ጋ የሚደርስ። በዚያ ላይ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲሾልክ መስመሩን የሚቆርጥ) ጨምሩ፤ ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ አልፎ አልፎ ተጫኑ፣ ካልወረደ ቀይሩት።

አምፖላችሁ ካጠፋችሁት በኋላ ጭላንጭል ካለ፣ አንዱ ምክንያት ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን መቁረጡ ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ግን አምፖል ስትቀይሩ ፌዙ እዚያው ይጠብቃችኋል።

የኬብል ማሰሪያ ሚስማር ሲጠፋ ተራ ሚስማር መትቶ ሽቦው ላይ ማጠፍ፣ እባካችሁ፣ አይሆንም።

ርካሽ ነው ተብሎ ለሁሉም አንድ ጥቅል ቀይ ሽቦ የሚገዛም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳጥኑን የሚከፍተው ሰው ስድስት ቀይ ሽቦ ፊት ቆሞ ይጸልያል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

ሽቦ መቀጠል ላይ ብዙም አፍ የለኝም፣ ምክንያቱም እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ እያለሁ ሁለት ሽቦ ጠምዝዤ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ሳጥን ሳላደርግ በሲሚንቶ ደፈንኩት። ቀለም ተቀባ፣ ቤቱ አማረ። ወር ሳይሞላ የአንድ ክፍል መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መቀጠያዬን የት እንደቀበርኩት ጠፋኝ! አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አራት ቦታ በስቼ ነው ያገኘሁት፤ ባለቤቱ ከኋላዬ እጁን አጣምሮ ቆሞ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። አሁን መቀጠያ የሚኖረው ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፣ በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከመዳብ ጋር በቀጥታ አትጠምዝዙት፤ ይዝግና ይላላል፣ የላላ ነገር ደግሞ ይግላል። ለሁለቱ የሚሆን የራሱ ማያያዣ አለ፣ ሱቅ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር ስለሚሰኩ ሰዎች ምንም አልልም። ደክሞኛል።

አንድ የራሴን ልጨምር። ብሬከር አውርጄ፣ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚበራውን ቴስተር ሽቦው ላይ ነክቼ፣ አልበራም፤ «ጠፍቷል» ብዬ እጄን ሰደድኩ። ነዘረኝ ብቻ ሳይሆን ከመሰላሉ አወረደኝ። ያወረድኩት የሌላ ክፍል ብሬከር ነበር፣ ቴስተሩም ቀድሞ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ቴስተሬን መጀመሪያ መብራት እንዳለው የማውቀው ሶኬት ላይ እሞክረዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እወስደዋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ያንኑ ሶኬት እንደገና እነካለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ፣ አሁን ነካኸው እኮ» እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ።